ሰዓቱ 172 ሲል፦ በስፖርት ጊዜ የልብ ምት ቁጥርን ማንበብ

ሶምሶማ ከጀመሩ አራት ደቂቃ ሆኗል። ትንፋሽዎ አልተቆራረጠም፤ አጠገብዎ ከሚሮጠው ሰው ጋር እያወሩ ነው። የእጅ ሰዓትዎን ገልበጥ አድርገው ሲያዩ 172 ይላል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ደንግጦ ይቆማል፤ ሌላው አቅሙ የወረደ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልቡ ምንም አልሆነም። ሰዓቱ የልብ ምት መቁጠሩን ትቶ የእግር እርምጃ እየቆጠረ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም የልብ ምት ቁጥር ሲያዩ በቅደም ተከተል ሦስት ነገር ይጠይቁ። መሣሪያው በትክክል እየለካ ነው ወይ? ቁጥሩ ከራሴ የእረፍት ምትና ከራሴ ጣሪያ (ከፍተኛ ምት) አንጻር የት ላይ ነው? ዛሬ ምቴን ከወትሮው ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ነገር አለ ወይ? ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘሎ በቀጥታ ወደ ዞን፣ ማለትም ቀላሉን ከከባዱ ወደሚለዩት የምት ክልሎች፣ ስለሚገባ ነው፤ በተበላሸ ሚዛን የተመዘነ ነገር ደግሞ ስሌቱ ቢያምርም ዋጋ የለውም።

መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

በስፖርተኛ እጅ የሚገኙት መለኪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የደረት ቀበቶ ነው። ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ገመድ አልባውን መለኪያ ለስፖርተኞች ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ልብ በተኮማተረ ቁጥር የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ቆዳ ላይ በሚያርፉ ኤሌክትሮዶች ይይዛል፤ ከዚያም በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ 120 ምት ማለት ነው። ሐኪም ቤት የሚነሳው ኢሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የሚነሳው ከዚሁ ምልክት ነው።

ሁለተኛው በእጅ ሰዓት ጀርባ ላይ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በብዛት ይውጣል። ልብ ደም ሲረጭ ቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሞላ ይላሉ፤ ወደ ሴንሰሩ የሚመለሰው ብርሃንም ይቀንሳል። በሁለት ምት መካከል ደሙ ጎደል ሲል ብርሃኑ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ይቆጥራል። ቁጭ ብለው ሲለኩ ጥሩ ይሠራል። ሲሮጡ ግን እጅዎ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱ ቆዳው ላይ ይንሸራተታል፣ ደሙም ከእጁ እንቅስቃሴ ጋር ይናወጣል። ይህ ሁሉ በብርሃኑ ላይ ሌላ ምት ይጨምራል። የብዙ ሯጮች እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ ልብ በከባድ ሩጫ ሊደርስበት የሚችል ቁጥር ስለሆነ ሰዓቱ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ፍጥነትዎን ሳይቀይሩ ቀኝ እግርዎ መሬት የሚነካበትን ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩ። 43 ጊዜ ከነካ በደቂቃ 86 ነው፤ ግራውን ሲጨምሩ 172 ይሆናል። ሰዓቱም 172 ካለ ሌባው ተያዘ። ሌላው መንገድ ቆም ማለት ነው። እውነተኛ 172 የሚወርደው ቀስ እያለ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። እግር ቆጥሮ የመጣ 172 ግን እጅዎ ጸጥ ካለ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተንሸራቶ 130 ላይ ቁጭ ይላል።

ሰዓቱን ማስተካከል

ሰዓቱ ከእጅ አንጓ አጥንት በላይ፣ ወደ ክርን በኩል አንድ ወይም ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። አጥንቱ ላይ ካረፈ ከሥሩ ክፍተት ይኖርና የውጭ ብርሃን ይገባል። ለስፖርት ሲሆን ከወትሮው አንድ ቀዳዳ ጠበቅ ያድርጉት፤ እጅዎን ሲያራግፉ ሰዓቱ ቆዳውን ይዞ መንቀሳቀስ እንጂ በቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም። ጣትዎ ከደነዘዘ ግን ከልክ በላይ ጠብቋል። ጨርሰው ሲመለሱ ላላ ያድርጉትና ከሥሩ ያለውን ላብ ይጥረጉ፤ ሴንሰሩ ላይ የደረቀ ላብና ቅባት የነገውን ንባብ ያበላሻል።

በብርድ ጊዜ የቆዳ የደም ሥሮች ስለሚጠቡ ሴንሰሩ የሚያነበው ነገር ያጣል። ከመውጣትዎ 10 ደቂቃ በፊት አስረው እጅጌ ይልበሱበት፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ይንቀሳቀሱ፤ ቁጥሩ ሲረጋጋ መቅዳት ይጀምሩ። የእጅ አንጓ የሚታጠፍባቸው ልምምዶች፣ ማለትም ክብደት ማንሳት፣ ፑሽአፕ፣ ብስክሌት መንዳት፣ ለሰዓት ሴንሰር አይመቹም። ለእነዚህ በክንድ ላይ የሚታሰር ተመሳሳይ መለኪያ ወይም የደረት ቀበቶ ይሻላል። ሴንሰሩ በጥቁር ንቅሳት ላይ ካረፈም ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ መፍትሔው ሰዓቱን ወደ ሌላው እጅ ማዛወር ነው።

የደረት ቀበቶ ሲያስቸግር

ቀበቶው የሚሳሳተው በሌላ መንገድ ነው። በጣም የተለመደው ችግር የመጀመሪያዎቹ 5 ወይም 10 ደቂቃዎች ላይ ይታያል፦ ቁጥሩ 95 ብሎ በድንገት 210 ይላል፣ ተመልሶ 110 ይሆናል፣ ከዚያ ላብ ሲመጣ ራሱ ይረጋጋል። ምክንያቱ የደረቀ ኤሌክትሮድ ነው። ደረቅ ቆዳና ደረቅ ጨርቅ ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፉም። ከማሰርዎ በፊት ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በውሃ በደንብ ያርጥቡ፤ በስሱ ጠብታ መንካት አይበቃም። አየሩ ደረቅ ከሆነ ለኢሲጂ የሚሠራው ጄል ጠብታ ያህሉ ለረጅም ሰዓት ያገለግላል።

ቀበቶው ከደረት ጡንቻ በታች፣ መሃሉ ጡት አጥንት ላይ ሆኖ ይታሰራል። ትንፋሽዎን ሙሉ በሙሉ ሲያስወጡም ሳይንሸራተት የሚቆይ፣ ሲያስገቡ ደግሞ የማያፍን መሆን አለበት። ሰፊና ስስ የሆነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በነፋስ እየተውለበለበ ቀበቶውን ሲመታ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙላትም ቁጥሩን ወደ ላይ ያዘልላል፤ በተለይ ዳገት ጨርሰው ቁልቁል በፍጥነት ሲወርዱ ምት ሽቅብ ከተኮሰ ሸሚዙን ይጠርጥሩ። ጠበቅ ያለ ልብስ ሲለብሱ ይጠፋል።

ንባቡ በየመሃሉ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ ባትሪውን ይቀይሩ። ብዙዎቹ ሲአር 2032 የተባለችውን ክብ ባትሪ ይወስዳሉ። ከተጠቀሙ በኋላ ማስተላለፊያዋን፣ ማለትም ባትሪዋን የያዘችውንና ቁጥሩን ወደ ሰዓቱ የምትልከውን ክፍል፣ ከቀበቶው ነቅለው ያስቀምጡ፤ እርጥብ ቀበቶ ላይ እንደተሰካች ከቀረች ሰው ደረት ላይ ያለች መስሏት ሌሊቱን ሙሉ ባትሪዋን ትበላለች። ጨርቁን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በውሃ ያለቅልቁ፣ በየጥቂት ቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይጠቡ። የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ኤሌክትሮዱን ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ባትሪውም ተቀይሮ፣ ጨርቁም ታጥቦ አሁንም ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ያረጀው ጨርቁ ነው። ማስተላለፊያዋን አይጣሉ፤ ጨርቁ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይሸጣል።

በእጅ መቁጠር

የትኛውም መሣሪያ ጥርጣሬ ውስጥ ሲገባ ዳኛው ጣትዎ ነው። አመልካችና መሃል ጣትዎን በሌላው እጅ አንጓ፣ በአውራ ጣቱ በኩል ባለው ደም ቅዳ ላይ ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይቁጠሩ፤ የራሱ ትርታ ያሳስትዎታል። ሰዓት ቆጣሪውን የሚያስጀምሩበትን ምት "ዜሮ" ብለው፣ ቀጣዩን "አንድ" ብለው ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። 34 ከቆጠሩ 136 ነው። በአንድ ምት ቢሳሳቱ ውጤቱ በ4 ስለሚዛባ፣ ከመሣሪያው ጋር ያለው ልዩነት እስከ 6 ወይም 8 ከሆነ መሣሪያውን ይመኑት። እንደቆሙ ወዲያውኑ ይጀምሩ፤ ምት ቶሎ ስለሚወርድ ግማሽ ደቂቃ ቆይተው የቆጠሩት ቁጥር የሩጫው ሳይሆን የእረፍቱ ነው። በአንገት በኩል መቁጠር ከፈለጉ በስሱ፣ በአንድ ወገን ብቻ ይንኩ፤ የአንገትን ደም ቅዳ መጫን ራሱ ምቱን ሊቀንስና ሊያዞር ይችላል።

ወለልዎና ጣሪያዎ

መሣሪያው እውነት መናገሩን ካረጋገጡ በኋላ ቁጥሩ የሚነበበው ከሁለት የግል ቁጥሮች አንጻር ነው፤ የእረፍት ምትና ከፍተኛ ምት።

የእረፍት ምት የሚለካው ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቁ፣ ሳይነሱ፣ ቡና ሳይቀምሱ ነው። ሽንት ከወጠረዎት ሄደው ይምጡና ተመልሰው ለሦስት ደቂቃ ይተኙ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይመዝግቡና ከሰባቱ መካከለኛውን ይውሰዱ። ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው፤ ለዓመታት የሠለጠኑ ሯጮች ከ50 በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ሰዓትዎ ራሱ የሚሰጥዎ "የእረፍት ምት" አንዱ ኩባንያ ከሌሊቱ ዝቅተኛ ቁጥር፣ ሌላው ከቀኑ የሚያሰላው ነው። የትኛውንም ይጠቀሙ፣ ግን አንዱን ከሌላው ጋር አያወዳድሩ።

ከፍተኛውን ምት በተመለከተ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቀመር 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። አዲስ ሰዓት ሲገዙም ዞኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የተሞሉት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪው ታናካና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው 208 ሲቀነስ 0.7 ጊዜ ዕድሜ የሚል ሌላ ቀመር አቅርበዋል። በ40 ዓመት ላይ ሁለቱም 180 ይሰጣሉ። በ60 ዓመት ግን የመጀመሪያው 160 ሲል ሁለተኛው 166 ይላል፤ በ20 ዓመት ደግሞ 200 እና 194። ለጎልማሶችና ለአዛውንቶች ሁለተኛው የተሻለ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሁለቱም አማካይ መሆናቸው ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ከቀመሩ ውጤት ከ10 ምት በላይ ይርቃል። እኩያ የሆኑ ሁለት ጤነኛ ሰዎች አንዱ 168፣ ሌላው 192 ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለው ከዝቅተኛው አይበረታም፣ አይደክምም። ከፍተኛ ምት የብቃት መለኪያ አይደለም። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል። እውነተኛ ጣሪያው 192 የሆነ የ40 ዓመት ሰው በ180 በተሠራ ዞን ሲመራ ለስላሳው ልምምድ ሁሉ "ከባድ" እየተባለበት ከሩጫ ወደ እርምጃ ይወርዳል። 168 የሆነው ደግሞ ቀላል ነው እየተባለ በየቀኑ ራሱን ያደክማል።

ጣሪያን በሜዳ መፈተሽ የሚቻለው ቢያንስ ለሁለት ወር ያህል ያለማቋረጥ ሲሠራ ለቆየ ጤነኛ ሰው ነው። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን የሚያመው፣ ወይም ዕድሜው ገፍቶ ገና ስፖርት የጀመረ ሰው ይህን ፈተና ለብቻው አይሞክር፤ በሐኪም ክትትል የሚደረግ አለ። ለቀሩት አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ለ15 ደቂቃ ሰውነትዎን ያሟሙቁ፤ የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ 20 ሰከንድ የሚሆኑ ሦስት አጫጭር ፍጥነቶችን ያስገቡ።
2. መካከለኛ ዳገት ላይ ለ3 ደቂቃ ጠንከር ብለው ይሩጡ፤ በሶምሶማ ይመለሱ።
3. ይድገሙት፣ ከመጀመሪያው አስበልጠው።
4. በሦስተኛው፣ የመጨረሻዋን ደቂቃ ያለዎትን ሁሉ ይስጡ። ሲጨርሱ አይቀመጡ፤ በእግር ይንቀሳቀሱ።

የሚወስዱት ቁጥር ቢያንስ ለ5 ሰከንድ ያህል ቆሞ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ነው። ለአንድ ሰከንድ ብቅ ብሎ የጠፋ 209 የመሣሪያ ስህተት ነው። ይህን ፈተና በደረት ቀበቶ ያድርጉት። ውጤቱም ለሩጫ ብቻ ነው፤ በብስክሌት ላይ ጣሪያው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ምት ያንሳል፣ በዋና ደግሞ ሰውነት ስለሚጋደምና ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ የባሰ ዝቅ ይላል።

ስሌቱና የት እንደሚሳሳት

ፊንላንዳዊው ካርቮነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቁት ዘዴ ሁለቱንም ቁጥሮች ይጠቀማል። ከከፍተኛው ላይ የእረፍቱን ይቀንሱ፤ የቀረው ልብዎ ሊጨምር የሚችለው መጠባበቂያ ነው። ከመጠባበቂያው የሚፈልጉትን መቶኛ ይውሰዱና የእረፍቱን መልሰው ይደምሩ።

ከፍተኛ ምቱ 180፣ የእረፍቱ 62 የሆነ ሰው እንውሰድ። መጠባበቂያው 118 ነው። 60 በመቶው 71 ይሆናል፤ 62 ሲደመርበት 133። በዚሁ መንገድ 50 በመቶ 121፣ 70 በመቶ 145፣ 80 በመቶ 156፣ 90 በመቶ 168 ላይ ያርፋሉ። የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚለው ከመጠባበቂያው ከ40 እስከ 59 በመቶ ያለውን፣ ከባድ የሚለው ደግሞ ከ60 እስከ 89 በመቶ ያለውን ነው። ለዚህ ሰው የመጀመሪያው ከ109 እስከ 132፣ ሁለተኛው ከ133 እስከ 167 ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። "70 በመቶ" የሚል የልምምድ መርሐ ግብር ሲያገኙ የምን 70 በመቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የመጠባበቂያው 70 በመቶ 145 ነው፤ የከፍተኛው ምት 70 በመቶ ግን 126 ነው። በ19 ምት ይለያያሉ፤ አንዱ ጥሩ ጠንካራ ሶምሶማ ሲሆን ሌላው ፈጠን ያለ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ሰዓትዎ ላይ በልብ ምት ዞን ቅንብር ውስጥ ሁለቱም ምርጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ስላሉ፣ የእረፍትና የከፍተኛ ምትዎን በእጅ ያስገቡና መጠባበቂያውን ይምረጡ።

ያም ሆኖ የዞን ድንበር የታጠረ አጥር አይደለም፤ ድንበሩን በትንፋሽዎ ያጽኑት። በየ4 ደቂቃው ፍጥነትዎን በትንሹ እየጨመሩ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ መጨረሻ ላይ በቃልዎ የሚያውቁትን አራት አምስት መስመር ጮክ ብለው ይበሉ። ሳይጨነቁ ከተናገሩት ገና ቀላሉ ውስጥ ነዎት። "እችላለሁ፣ ግን አልተመቸኝም" የሚሉበት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለው ምት የቀላል ልምምድዎ ጣሪያ ነው። ከዚያ አልፈው ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እየቆረጡ የሚናገሩ፣ ቁና ቁና የሚተነፍሱ ከሆነ ከባዱ ውስጥ ገብተዋል። ቀመሩ 145 ብሎ ይህ ፈተና 138 ካለ፣ 138ቱን ይመኑ።

ቁጥሩ ወደ ኋላ ይቀራል

ልብ ለጡንቻ ጥሪ ወዲያው ሙሉ መልስ አይሰጥም። በቋሚ ፍጥነት መሮጥ ሲጀምሩ ምቱ እስኪረጋጋ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደቂቃ ቁጥር አይተው "ዛሬ ቀላል ነው" ብለው አይፍጠኑ።

በአጫጭር ፈጣን ልምምዶች ላይ ይህ መዘግየት ቁጥሩን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። 30 ሰከንድ በሙሉ አቅም ሲሮጡ ምቱ ጫፉን የሚነካው ከቆሙ በኋላ ነው። "ዞን 5 (የመጨረሻው ከባድ ክልል) አልገባሁም" ብሎ መጨነቅም፣ ለመግባት ሲሉ ማራዘምም ስህተት ነው፤ እዚህ ላይ ፍጥነትና ስሜት ይምሩ። በ4 ደቂቃ ድግግሞሽ ላይ ግን የመጨረሻዋ ደቂቃ ቁጥር ጥሩ ይናገራል። በመጀመሪያው ድግግሞሽ 164፣ በሁለተኛው 168፣ በሦስተኛው 170 ከሆነ ጤናማ ነው። የመጀመሪያው ራሱ 174 ደርሶ ፍጥነቱ በየድግግሞሹ ከወረደ አጀማመርዎ ከልክ ያለፈ ነበር።

የእንዲህ ዓይነቱን ልምምድ አማካይ ምት አያንብቡ። ግማሹ 170 ግማሹ 110 የሆነ ልምምድ አማካዩ 140 ይወጣና ለስላሳ ሩጫ ይመስላል።

በረጅም ልምምድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ፍጥነቱ ሳይቀየር፣ መንገዱም ሜዳ ሆኖ፣ ምቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ሰውነት ሲሞቅ ደም ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ በላብ ምክንያትም የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው መጠን ስለሚያንስ ጉድለቱን የምቱን ቁጥር በመጨመር ይሞላዋል። ይህን በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። የአንድ ሰዓት ሩጫን ለሁለት ይክፈሉ። የመጀመሪያው ግማሽ አማካይ 138፣ የሁለተኛው 146 ከሆነ ልዩነቱ 8 ነው፤ 8 ለ138 ሲካፈል 5.8 በመቶ ይሆናል። ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ለዚያ ርዝመትና ፍጥነት ሰውነትዎ ዝግጁ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ወይ ሙቀቱ፣ ወይ የውሃ ማነስ፣ ወይ ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ነው። ስሌቱ ትርጉም የሚኖረው ማሟሟቂያውን አውጥተው ሲያሰሉና ፍጥነቱ በሁለቱም ግማሾች እኩል ሲሆን ነው። በቀላል ቀን ምቱ እየወጣ የቀላል ጣሪያዎን ሲነካ ፍጥነቱን ይቀንሱ። በውድድር ቀን ግን ይህን አያድርጉ፤ ጥቂት ምት መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፣ ፍጥነቱን ይያዙ።

ዛሬ ምን አለ?

ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ቁጥሩ ግን ከትናንት በ10 ከፍ ብሏል። ሙቀትና ወበቅ ብቻቸውን ይህን ያደርጋሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ቡና፣ የትናንት አልኮል፣ ከባድ ምግብ በልቶ መውጣትም ይጨምራሉ። ከለመዱት ከፍታ ወደ በለጠ ከፍታ ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ በተመሳሳይ ፍጥነት ምቱ ይጨምራል፤ ጣሪያው ግን በተቃራኒው ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ በቆላ የተሠራ ዞን ተራራ ላይ አይሠራም። የጠዋት የእረፍት ምትዎ ከመካከለኛዎ ከ7 እስከ 10 ምት ከፍ ብሎ ካደረ ከባዱን ልምምድ ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፉ። ትኩሳት ካለ ጭራሹን አይውጡ።

ምት ዝቅ ማለቱም ሁልጊዜ ደስ የሚል ዜና አይደለም። ለተከታታይ ቀናት በከባዱ ከሠሩ በኋላ እግርዎ ድንጋይ ሆኖ፣ ትንፋሽዎ እየከበደ፣ ቁጥሩ ግን አልወጣ ብሎ 150 ላይ የሚቀርበት ቀን አለ። ያኔ ቁጥሩን ለማስወጣት አይታገሉ፤ ሰውነት የጠየቀው እረፍት ነው።

የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን በተለየ ልብ ይበሉ። ቤታ ብሎከር የተባሉት መድኃኒቶች የእረፍቱንም የከፍተኛውንም ምት ስለሚያወርዱ ከዕድሜ የተሠራ ዞን ለእነሱ አደገኛ ነው፤ ቁጥሩን ለመድረስ ሲሉ ከአቅማቸው በላይ ይገፋሉ። ለእነሱ የንግግሩ ፈተና ወይም ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያዘጋጀው ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ ይሻላል። 11 "ቀላል"፣ 13 "ከበድ ያለ"፣ 17 "በጣም ከባድ" ማለት ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ወደ ልብ ምቱ እንዲጠጋ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ መድኃኒት ለማይወስድም ሰው መሣሪያውን መፈተሻ ይሆናል። ስሜትዎ 11 እያለ ሰዓቱ 172 ካለ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሱ።

ከልምምዱ በኋላ

እንደጨረሱ ያለውን ቁጥር ይያዙ፤ በዝግታ እየተራመዱ ልክ አንድ ደቂቃ ሲሞላ እንደገና ያንብቡ። 165 የነበረው 135 ከሆነ 30 ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመና ብዙ የተጠቀሰ ጥናት፣ ከከፍተኛ ጥረት በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ ከ12 ምት በላይ አለመውረድ ከፍ ካለ የሞት ስጋት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አንድ ቀን 12 ስላዩ አይደናገጡ፤ በደንብ ያልደከሙበት ልምምድ ብዙ የሚወርድ ነገር የለውም። በተመሳሳይ አለካክ በተደጋጋሚ ካዩት ግን ለሐኪም ይንገሩ።

መሻሻልዎን ለማየት በየ4 ሳምንቱ አንድ ፈተና ይድገሙ፦ ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት፣ ካሟሟቁ በኋላ 30 ደቂቃ ምትዎን 140 አካባቢ ይዘው ይሩጡና የሸፈኑትን ርቀት ይመዝግቡ። መጀመሪያ 4.6 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለት ወር በኋላ 4.9 ከሆነ ልብዎ በያው ምት የበለጠ ሥራ እየሠራ ነው። ሰዓቱ ስለ ብቃትዎ ከሚሰጥዎ ነጥብ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

መቆም ሲያስፈልግ

ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ሊስቱ መድረስ፣ ከጥረቱ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር ካለ ወዲያው ይቁሙ፣ እርዳታም ይጥሩ። ሰዓቱ 118 ብሎ ቢያረጋጋዎትም አይቀጥሉ፤ የልብ ምት መለኪያ የልብን የደም ሥር መዘጋት አያይም።

ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከ130 ወደ 200 ቢዘል መጀመሪያ ጣትዎን አንጓዎ ላይ ያሳርፉ። ትርታው የተለመደ ከሆነ ስህተቱ የመሣሪያው ነው። ትርታውም እውነት እየጋለበ፣ ደረትዎ ድው ድው እያለ፣ ቆመውም የማይወርድ ከሆነ ወይም ምቱ ያለ ሥርዓት አንዱ ረጅም አንዱ አጭር እየሆነ ከመጣ ለሐኪም የሚታይ ጉዳይ ነው፤ እንደ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያሉ የምት መዛባቶች እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ። የዚያን ቀን መዝገብ አያጥፉ። የግራፉን ምስል ያስቀምጡ፤ ከጎኑም ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ምን እየሠሩ እንደነበር፣ በእጅ ሲቆጥሩ ስንት እንዳገኙ፣ እስኪረጋጋ ስንት ደቂቃ እንደወሰደና በዚያ ቀን የወሰዱትን መድኃኒትና ቡና ጽፈው ይዘው ይሂዱ።